ሳይበተኑ የቀሩ ቁጥሮች

ዶክተር ክብሮም የተገኙት ወደ ምድር ቤቱ በሚወርደው የሲሚንቶ ደረጃ ግርጌ፣ በግንባራቸው ተደፍተው፣ አንድ እግራቸው የመጨረሻው እርከን ላይ እንደቀረ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የላቦራቶሪው ሰው ሁሉ ወደቁ አለ። ስድሳን ያለፈ ሰው፣ ጠባብ ደረጃ፣ ድንገተኛ ማዞር፤ ሞት ከዚህ የሚበልጥ ሰበብ ፈልጎ አያውቅም። በማግሥቱ ግን ከአስከሬን ምርመራው የመጣው ቃል አጭርና ጨካኝ ሆነ፦ ማጅራታቸውን የሰበረው ጠባብና ከባድ ብረት ነው፤ ደረጃው ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ጠርዝ የለም።

ኢንስፔክተር ፋሪዳ ወደ ቀራንዮ የተጠራችው በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሳጅን ያደሳ ሌሊሴ የተባለችውን ወጣት ኬሚስት ካሰረ በኋላ ነው። ላቦራቶሪው ከመድኃኔ ዓለም ጀርባ በኮረኮንች መንገድ ዳር የቆመ፣ ለመኖሪያ ተሠርቶ ቢሮ የሆነ ፎቅ ቤት ነበር። ጉድጓድ የሚያስቆፍሩ ሰፈሮች ውኃቸው ለመጠጥ ይሁን አይሁን የሚያስመረምሩት እዚህ ነው።

«ነገሩ ያለቀ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ያደሳ በሩ ላይ ተቀብሏት። «ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት እናቀርባታለን። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው።»

«ፊርማ ብቻ ከቀረ ፊትህ ለምን ጠቆረ?»

«እናቷ ወይዘሮ ጉዲቱ ከሆለታ መጥተው ጣቢያው በር ላይ ተቀምጠዋል። በኦሮምኛ ነው የሚያናግሩኝ። ልጄ ዶሮ ማረድ እንኳ አትችልም ይሉኛል።»

«ዶሮ አለማረድ ማስረጃ አይሆንም።»

«አይሆንም። ግን በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ነው የሚሉኝ።»

ያደሳ የያዘው ማስረጃ ጥቂት ቢሆንም እርስ በርሱ የተሳሰረ ነበር። ሞቱ በደረሰበት ዕለት ጠዋት ሌሊሴ በዶክተሩ ላይ ስትጮህ ሁሉም ሰምቷል። አስከሬኑን ያገኘችው እሷ ናት፤ ደም የነካውም የሷን ጋዋን ነው። ከምሳ በኋላ ከውጭ የገባ ሰው የለም። ከቀሩት ሦስት ሠራተኞች ሁለቱ ሲተያዩ ውለዋል፣ የሦስተኛውን የከሰዓት ሥራ መሣሪያው መዝግቦታል፤ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ያለ ምስክር የዋለችው ሌሊሴ ብቻ ናት። ፋሪዳ ክስ እንዲህ ተስተካክሎ ሲቀርብላት መጠራጠር ትጀምር ነበር፤ እውነት፣ እሷ እንደምታውቃት፣ ጥቂት ተንጋዳ ነው የምትመጣው።

እንግዳ ተቀባይዋ እትዬ ፅጌ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ተናገሩ።

«ከወንበሬ አልተነሣሁም፣ ልጄ። ጌታ ምስክሬ ነው። ቡልቻ በመስኮት ይታየኝ ነበር፤ ከሰዓት ሙሉ ከመኪናው ሥር ነው የዋለው። የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው፤ ግን ያን ባለ መስመር ካልሲውን ከሌላ ሰው ካልሲ ጋር ማን ያምታታዋል?»

«ዶክተሩስ?»

«ከምሳ በኋላ ራሴን አዞረኝ ብለው ግድግዳ ደገፍ አሉ። ከዚያ ወዲህ በሕይወት አላየናቸውም።»

ቡልቻ የላቦራቶሪው ሾፌርና የውኃ ናሙና ሰብሳቢ ነው። ግቢው ውስጥ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆመላት።

«አምስቱንም የጉድጓድ ውኃ ጠርሙስ የዚያን ዕለት ጠዋት ነው ያመጣሁት» አለ። «ባለፈው ሳምንት የተቀዳም ነበር፤ ዶክተር ናቸው እንደገና ቅዳ ያሉኝ። አንደኛው የእኛ ሰፈር ጉድጓድ ነው። እሁድ ይመረቃል። ሰው ጄሪካን እየተሸከመ ነው ይህን ጉድጓድ የጠበቀው፣ ኢንስፔክተር። ልጄ እስካሁን ከቧንቧ ጠጥታ አታውቅም።»

«ጠርሙሱን እስከ የት ትሞላዋለህ?»

«እስከ ክዳኑ ነዋ። ትንሽ ጎድሎ ባመጣ ጉድጓዱ ከጦር ኃይሎች ማዶ ቢሆን እንኳ ዶክተር መልሰው ይልኩኝ ነበር።»

«የዚያን ዕለት አሟቸው ነበር?»

«ከምሳ በኋላ ራሴን አዞረኝ ብለው ግድግዳ ደገፍ አሉ።»

«የትኛውን ግድግዳ?»

ቡልቻ ጨርቁን አጥፎ ዘረጋው። «እሱን እንኳ... እኔ አላየሁም። ስናለቅስ ሲባል ነው የሰማሁት።»

ጆሲ በመሣሪያው ክፍል ውስጥ ብቻውን ነበር። ዋናው ተመራማሪ እሱ ነው፤ ረጅም፣ ድምፀ ለስላሳ፣ ሐዘንተኛን ማጽናናት ያወቀበት ሰው። መስኮቱ ሥር ያለው ስፔክትሮፎቶሜትር፣ የውኃን ቀለም በብርሃን የሚለካው መሣሪያ፣ ሽፋኑ ተነሥቶለት ያጉረመርማል።

«ያን ከሰዓት ሙሉ እዚሁ ነበርኩ» አለ። «አምስት የጉድጓድ ውኃ፣ እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ። የዶክተር ሕግ ነው። ከጠርሙሱ እንቀዳለን፣ ከአሲድ ጋር እናፈላለን፣ ቀለም የሚያወጣውን ኬሚካል እንጨምራለን። ለሁለተኛው እንደገና ከጠርሙሱ፣ ለሦስተኛውም እንደገና ከጠርሙሱ። ከዚያ መሣሪያው ብርሃን ያሳልፍበታል፤ ቀለሙ ደመቅ ባለ ቁጥር የሚያልፈው ብርሃን ያንሳል።»

«የምትፈልጉት ምንድን ነው?»

«ክሮሚየም የሚባል መርዘኛ ብረት። ወደ ላይ በኩል ቆዳ የሚያለፉ አሉ፤ ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል።»

«አንዴ መለካት አይበቃም?»

ጆሲ በሐዘን ፈገግ አለ። «አንድ ቁጥር ራሱን አይጠይቅም ይሉ ነበር ዶክተር። ስሕተታችን ምን ያህል እንደሆነ የምናውቀው ሦስቱ ምን ያህል እንደሚራራቁ ስናይ ነው።»

«አሥራ አምስት ዝግጅት ማለት ነው። ረጅም ሥራ ይመስላል።»

«ከምሳ እስከ መውጫ ይፈጃል። ባኞ ቤት እንኳ መሄጃ የለም።»

ፋሪዳ ወደ መሣሪያው መስታወት ጎንበስ አለች። የቡልቻ ሰፈር ጉድጓድ ከላይ ነበር፦ 46.1፣ 46.2፣ 46.1። የተፈቀደው ወሰን ሃምሳ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ውኃ አይጠጣም። የሌሎቹ አራት ጉድጓዶች ቁጥሮችም እንዲሁ፣ በየሦስት በየሦስት፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተጠጋግተው ተደርድረዋል።

«የሌሎቹም ሠራተኞች ቁጥር እንዲህ ይቀራረባል?»

«እንደ እጁ ነው። ሌሊሴ ገና ልጅ ናት፤ የሷ ይበተናል። ዶክተር ራሳቸውም ቢሆኑ ይበተንባቸው ነበር።» ኩራቱን ሊደብቀው ሞከረ፤ አልተሳካለትም። «እሳቸው ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የጆሲን እጅ ተመልከት ይሉ ነበር።»

«አሟቸው ነበር ይባላል።»

«ከምሳ በኋላ ራሴን አዞረኝ ብለው ግድግዳ ደገፍ አሉ። ይኸው እዚህ፣ ከበሩ ውጭ፣ በግራ እጃቸው።»

ፋሪዳ አመስግናው ወጣች።

ሌሊሴ በጣቢያው ጠባብ ክፍል ውስጥ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጣቶቿ ኬሚካል ያወየባቸው፣ ጥፍሮቿ እስከ ሥጋው የተቆረጡ ናቸው።

«ለምን ጮኽሽባቸው?»

«አፍሬ ነው» አለች ዓይኗን ሳታነሣ። «ጆሲ ባለፈው ሳምንት የለካውን የአዲሱን ጉድጓድ ውኃ ከዚያው ከባለፈው ሳምንት ጠርሙስ ድገሚው አሉኝ። ሦስት ጊዜ አዘጋጀሁ። አርባ አራት መጣ፣ ቀጥሎ ሃምሳ ሁለት፣ ቀጥሎ አርባ ስምንት። የጆሲን አይተውታል? መንትያ ነው የሚመስለው። ዶክተር ቁጥሬን ረዘም ላለ ጊዜ አዩትና ጥሩ እጅ አለሽ አሉኝ። ያሾፉብኝ መሰለኝ። ከጆሲ ጋር አታወዳድሩኝ ብዬ ጮህኩባቸው።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«አልተቆጡም። እየመዘንኩ ያለሁት አንቺን አይደለም አሉኝ። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ሞቱ።»

«ከምሳ በኋላ ምን ስታጥቢ ነበር?»

«የጆሲን ፍላስኮች፣ ውኃው የሚዘጋጅባቸውን የመስታወት ዕቃዎች። ወትሮ የራሱን ራሱ ነው የሚያጥበው፤ ሌላ ሰው አያስነካም። የዚያን ዕለት ግን ትሪውን በር ላይ አስቀምጦልኝ አገኘሁ። አምስት ፍላስክ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ጨረስኩ። ከዚያ ሳሙና ላመጣ ወደ ምድር ቤት ስወርድ...»

ፋሪዳ ስትወጣ ወይዘሮ ጉዲቱ የምሳ ዕቃውን እንዳቀፉ ከግንቡ ጥግ ተነሥተው ቆሙ። በዓይናቸው ውስጥ የነበረውን ጥያቄ ለመረዳት ኦሮምኛ ማወቅ አያስፈልግም ነበር።

ወደ ቀራንዮ ስትመለስ መኪናው በአጠና ተራ በኩል አለፈ። ፋሪዳ ተወልዳ ያደገችው ከዚያ ጀርባ ነው፤ አባቷ ባሕር ዛፍ ይሸጡ ነበር። አጠና ሲለኩ ገመዱን ከእንጨቱ ላይ ፈትተው፣ ጠቅልለው፣ እንደገና ከጫፉ ይጀምራሉ፤ ሦስት ጊዜ። ገዢ ሲሰለች «ገመዱን ሳልፈታ ብደግመው» ይሉት ነበር፣ «የለካሁት አጠናውን ሳይሆን የራሴን ግትርነት ነው።» በልጅነቷ የሽማግሌ ወግ ነበር የመሰላት። አሁን ግን መስኮቱ ላይ አስደግፋው የነበረውን ራሷን ቀና አደረገች።

«ፍጠን» አለችው መኪናውን የሚነዳውን ያደሳን።

ላቦራቶሪው ደርሳ የናሙናዎቹን ማቀዝቀዣ ከፍታ ጠርሙሶቹን አየች። ከዚያ በመሣሪያው ክፍል ውስጥ በተርታ ወደቆሙት የብረት ማቆሚያዎች ሄዳ አንድ በአንድ በብርሃን አየቻቸው። ፍላስክ የሚታሰርባቸው የክንድ ቁመት ያላቸው ዘንጎች ናቸው።

«ልጅቷን አምጣት» አለች። «እናቷንም። ሌሎቹንም ሁሉ እዚህ ክፍል ሰብስባቸው።»

ከምሳ በኋላ ሁሉም ተሰበሰቡ። እትዬ ፅጌ ወንበር ተሰጣቸው፤ ቡልቻ ግድግዳ ተደገፈ፤ ጆሲ በመሣሪያው አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆመ። ሌሊሴ ገብታ እጇ በካቴና መሆኑን ሲያዩ እትዬ ፅጌ ፊታቸውን አዞሩ። ወይዘሮ ጉዲቱ ከደጃፉ አላለፉም።

«ሦስት ሰዎች አንድ ነገር ነገሩኝ» ብላ ጀመረች ፋሪዳ። «ከምሳ በኋላ ራሴን አዞረኝ ብለው ግድግዳ ደገፍ አሉ። ቃሉ ሳይዛነፍ። በሥራዬ ብዙ ምስክር ሰምቻለሁ፤ አንዱ መኪናው ቀይ ነው ሲል ሌላው ቡናማ ይላል፣ አንዱ ሮጠ ሲል ሌላው ተራመደ ይላል። በገዛ ዓይኑ ያየ ሰው ከሌላው ጥቂት ይለያል። የእናንተ ግን አልተለያየም። እትዬ ፅጌ፣ እርስዎ በዓይንዎ አይተዋል?»

«ኧረ እኔስ አላየሁም። ጆሲ ነው ሲያጽናናን የነገረን።»

«እኔም ከሱ ነው» አለ ቡልቻ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያው ሦስት ምስክር የለኝም። አንድ ምስክር ሦስት ብርጭቆ ላይ ተቀድቶልኝ ነበር። ይህን ሳውቅ ነው የጆሲን ቁጥሮች እንደገና ማየት የፈለግሁት። ያደሳ፣ ካቴናውን ፍታላት። ሌሊሴ፣ መሣሪያው የሚፈተሽበትን የታሸገ ቀለም አስገቢና ሦስት ጊዜ አንብቢልን።»

ሌሊሴ የእጅ አንጓዋን እያሻሸች ቀረበች። መስታወቱ ላይ ስልሳ ነጥብ ዜሮ መጣ፤ ስልሳ ነጥብ አንድ፤ ስልሳ ነጥብ ዜሮ።

«መሣሪያው ብቻውን ሲስት ይህን ያህል ነው የሚስተው» አለች ፋሪዳ። «የሰው እጅ ሲገባበት ግን ሌላ ነው። መቅዳት አለ፣ ማፍላት አለ፣ ጠብታ ማብዛትና ማሳነስ አለ። ለዚህ ነው የሌሊሴ የተበተነው። ለዚህ ነው የዶክተርም ይበተን የነበረው። ጆሲ፣ ያንተ ግን በአምስቱም ጉድጓድ መሣሪያው ብቻውን ከሚስተው አያልፍም። እጅ አልገባበትም። እያንዳንዱን ውኃ አንዴ ብቻ አዘጋጅተህ ከዚያው ፍላስክ ሦስት ጊዜ አነበብክ።»

ጆሲ ወደ እትዬ ፅጌ ዞሮ እንደ መሳቅ አለ። «ጥሩ እጅም ወንጀል ሆነ ማለት ነው።»

«አንዱ ጉድጓድ ላይ ቢሆን ዕድል ነው ብዬ በተውኩት። አምስት ጊዜ ተከታትሎ የሚመጣ ዕድል ግን አላውቅም። ቢሆንም በአንድ ልኬት ሰው አላስርም። ቡልቻ፣ ያንተን ሰፈር ጠርሙስ አውጣና መለኪያው ሲሊንደር ውስጥ ገልብጠው። ለአንድ ዝግጅት ስንት ይቀዳል፣ ሌሊሴ?»

«መቶ ሚሊ ሊትር።»

«ጠርሙሱስ?»

«አንድ ሊትር ነው።»

«ሦስት ጊዜ ከተቀዳለት ሰባት መቶ ነው የሚቀረው።»

ቡልቻ ገለበጠ። ውኃው የሰባት መቶውን ምልክት አለፈ፤ የስምንት መቶውንም አለፈ፤ ከዘጠኝ መቶው ጥቂት ከፍ ብሎ ቆመ። ቡልቻ ባዶውን ጠርሙስ እንደያዘ ቀረ።

«ሦስተኛው» አለች ፋሪዳ፣ «ፍላስኮቹ ናቸው። አሥራ አምስት ዝግጅት አሥራ አምስት ፍላስክ ያቆሽሻል። የዚያን ዕለት ሌሊሴ ያጠበችው አምስት ነው። ሌላ ጊዜ ራስህ ስለምታጥብ ማንም አይቆጥርብህም ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን እጅህ ሌላ የሚታጠብ ነገር ይዞ ነበር። እነዚህን ማቆሚያዎች ተመልከቱ። የሦስቱ ዘንግ የአሲድ ጢስ በልቶት ዝጓል። አራተኛው በአሲድ ተፈትጎ አዲስ ማንኪያ መስሏል። ስንጥቁ ውስጥ ምን እንደቀረ የፖሊስ ላቦራቶሪ ይነግረናል።»

ያደሳ አራተኛውን ማቆሚያ በጨርቅ ሲጠቀልል ፋሪዳ ቀጠለች።

«ከመሣሪያው፣ ከጠርሙሱና ከማጠቢያው የመጡት ማስረጃዎች አነሣሣቸው ለየብቻ ነው፤ አንዱ ከሌላው አልሰማም። ሦስቱም ግን ያን ከሰዓት ከዚህ ክፍል አልወጣሁም ያልከው ሐሰት ነው ይላሉ። አሁን የቀረኝ ለምን የሚለው ነው፤ እሱንም ዶክተር ራሳቸው ለሌሊሴ ነግረዋታል። እየመዘንኩ ያለሁት አንቺን አይደለም አሏት። አንተን ነበር የመዘኑህ። አርባ ስድስትን ሦስት ጊዜ ስትጽፍ ጉድጓዱ ያለ ጥርጥር ደኅና ይመስላል። አርባ አራት፣ ሃምሳ ሁለት፣ አርባ ስምንት ሲመጣ ግን ደኅና ነው ብሎ የሚምል ሰው አይገኝም፤ ስሕተቱ ወሰኑን ይሻገራል። ዶክተር በአንተ ቁጥር ለጉድጓዱ የተሰጠውን ምስክር ወረቀት ሊሽሩት ነበር።» ፋሪዳ ከመደርደሪያው ሦስት ንጹሕ ፍላስክ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «ከተሳሳትኩ አሳየኝ። ይህንኑ ውኃ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው አዘጋጅልኝ። እንጠብቅሃለን።»

ጆሲ ወደ ፍላስኮቹ አንድ እርምጃ ተራመደ። እጁን ዘረጋ፤ ጣቶቹ መስታወቱን ሳይነኩ አየር ላይ ቆሙ። ያ የተመሰገነ እጅ ተመልሶ ወረደ።

«መጀመሪያ አንድ ቀን ብቻ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን ለመሣሪያው የሚናገር ይመስል። «መብራት ጠፍቶ ዋለና ሲመጣ ጊዜ አጠረኝ። ከአንዱ ሦስት ጊዜ አነበብኩ። በማግሥቱ ዶክተር ሰው ሰብስበው የጆሲን እጅ ተመልከቱ አሉ። ከዚያ በኋላ እውነተኛውን ሦስት ባሳያቸው እጅህን ምን ነካው ሊሉኝ ነው። ሲያመሰግኑኝ ኖሩ። ያን ዕለት ደረጃው አፍ ላይ አስቁመውኝ ነገ ለሰፈሩ ኮሚቴ እነግራለሁ፣ ያንተንም ስም እነግራለሁ አሉ። ያጠፋነው ሁለታችን ነን፣ እኔም ማመስገኔን እናገራለሁ አሉኝ። ሊወርዱ ዞሩ። ዘንጉ እጄ ላይ ነበር።»

እትዬ ፅጌ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ቡልቻ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠ።

«የእኛ ውኃ ነበር እኮ፣ ጆሲ» አለ ድምፁን ሳያነሣ። «ተንበርክኬ እስከ ክዳኑ ሞልቼ አመጣሁልህ። ሦስት ጊዜ መቅዳት ከበደህ?»

ያደሳ ከሌሊሴ እጅ የወለቀውን ካቴና አንሥቶ ወደ ጆሲ ሄደ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የአሲድ ሽታ ነበር። ማንም ሳያዛት ሌሊሴ አንዱን ፍላስክ ወስዳ ቀድታ ነበር፤ ጉድጓዱ የሚመረቅበት እሁድ ቅርብ ነው። አንዱን ጨርሳ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ከዚያ ሦስተኛውን። ወይዘሮ ጉዲቱ የምሳ ዕቃውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በእትዬ ፅጌ ወንበር ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን እጅ ይመለከቱ ነበር። መስታወቱ ላይ አርባ አምስት መጣ፤ ቀጥሎ ሃምሳ ሦስት፤ ቀጥሎ አርባ ዘጠኝ።

ወይዘሮ ጉዲቱ ጆሲን ለጣቢያው ፖሊሶች አስረክቦ ወደተመለሰው ያደሳ ጎንበስ ብለው በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቁ።

«ትክክለኛው የትኛው ነው ይላሉ» አለ ያደሳ።

ሌሊሴ ሦስቱን ቁጥሮች ደጋግማ አየች። ስታፍርባቸው የኖረቻቸው ነበሩ።

«ሦስቱም በላቸው።»

ቡልቻ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። የላቦራቶሪው መጋዘን በር ላይ የተንጠለጠለውን ሰንሰለት ከነቁልፉ አንሥቶ ትከሻው ላይ ጣለና ጉድጓዱን ሊዘጋ ወደ ሰፈሩ ሄደ።